ሦስት ሽማግሌ ለአንድ መጽሐፍ

መጽሐፍ መምረጥ ሽንኩርት ከመምረጥ ይለያል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖርም አልሰማውም ነበር፤ ይሄን አልደብቃችሁም። ከጦር ኃይሎች ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ዳር ሃያ ሁለት ዓመት ጉልት ተቀምጬ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንች ስሸጥ ኖሬ፣ ስለ ምርጫ ደግሞ ማን ያስተምረኛል? ሽንኩርቱን በመዳፌ ያዝ አድርጌ አንገቱን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ልቡ የበሰበሰውን ከጤነኛው እለያለሁ። ሰውንም በዚሁ ዓይነት እለያለሁ ብዬ አምን ነበር። ትዕቢት የሀብታም ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ጉልት ላይም ይበቅላል።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል አውቃለሁ፣ ቁጥር አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ልጄ ኢክራም ትወቅልኝ ብዬ ተውኩላት፤ እሷም አወቀችልኝ። ክፍለ ሀገር ተመድባ ፊዚክስ ተማረች፣ ጥቁር ጋውን ለብሳ ፎቶ ተነስታ መጣች። ፎቶው ግድግዳ ላይ ነው፣ ዲግሪው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ እሷ መነጽር ቤት ናት።

መነጽር ቤት ስላችሁ የራሷ እንዳይመስላችሁ። ከጓዳ ተቀምጣ፣ ከውጭ ተሠርቶ የመጣውን መስታወት በማሽን እየሞረደች በፍሬሙ ልክ ታስገባለች። ሰፈሩ ግን "ልጅሽ የዓይን ሐኪም ሆነች አሉ" ይለኛል። እኔም አልከለክልም። ሰው ደስ ብሎት የሚያወራውን ማፍረስ ምን ይጠቅማል?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። የሌንስ ንድፍ የሚያሠለጥናቸው ሰዎች በፈተና ይወስዳል። ሁለት ሰው ብቻ። ዕድሜያቸው ከሃያ ሰባት ያላለፈ። ኢክራም ሃያ ሰባቷን ልትጨርስ አራት ወር ቀርቷታል። ፈተናው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

የሌንስ ንድፍ ምን እንደሆነ ጠይቄያታለሁ፤ ለመጠየቅ የፈራሁት ነገር የለም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማንኪያ አቆመችና "ይኸው፣ የተሰበረ ይመስላል አይደል? ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ይታጠፋል" አለችኝ። አንዱ መስታወት መሃሉን ሲያጠራ ዳር ዳሩን ያደበዝዛል፤ ዳሩን የሚያስተካክል ሌላ ስትጨምሪበት ያ ደግሞ ያልተጠራ ቀለም ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ስንት መስታወት፣ በምን ጉብጠት፣ ምን ያህል ተራርቆ ቢደረደር ነው ሁሉም የሚስማማው? ሥራው እሱን ማግኘት ነው አለችኝ። ገባኝ። የአማትና የምራት ነገር ነው፤ አንዷን ስታባብሉ ሌላዋ ታኮርፋለች።

"የሌላ ሰው መስታወት መሞረድ ሰለቸኝ እማዬ" አለችኝ። "አንድ እንኳን ራሴ ያሰብኩት ነገር ሠርቼ ልየው።"

ቀጥሎ ያለችውን ባትለው ይሻለኝ ነበር። ይሄ ካልሆነ ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለች። ዝም ብላ ያለችው እንዳይመስላችሁ። ፓስፖርቷን ልብስ ሳጣጥፍ ከሂጃቦቿ መሃል አግኝቼው፣ አይቼ እንዳላየ መልሼ አጣጥፌዋለሁ። እናንተ እህት ዓረብ አገር ካልላካችሁ የኔ ፍርሃት አይገባችሁም። ታናሽ እህቴ ዘህራ ሄዳ መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ ቀጥሎ አንድ ቀን በሹክሹክታ ደወለች። ሌላ አልደወለችም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት። ሞታለች ብዬ እንዳላለቅስ ሬሳዋን አላየሁ፣ አለች ብዬ እንዳልስቅ ድምጿን አልሰማሁ። ኢክራም ስትወለድ ደግሞ ዘህራን ቁርጥ ነበረች።

ስለዚህ ያ ፈተና ለእሷ ፈተና ነው፤ ለእኔ ግን በር ነው። ወይ ይዘጋልኛል፣ ወይ ልጄ ትወጣበታለች።

ሌንስ ነድፋ አታውቅም፤ በሰባት ሳምንት ከመጽሐፍ መማር አለባት። ስልኳ ውስጥ አራት መጽሐፍ ሰብስባ፣ ስማቸውን ከነገጻቸው ብዛት በወረቀት ጽፋ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። ጊዜው የሚበቃው ለአንዱ ነው። የትኛው?

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ባልገባስ? ይሄንን ጥያቄ አሁን ለራሴ የማቀርበው ከፈጅር ሶላት እስከ ዒሻ ነው።

ፌርማታው አካባቢ የሚዞር መጽሐፍ አዟሪ አለ፤ ከሆዱ እስከ አገጩ መጽሐፍ ደርድሮ፣ በአገጩ ደግፎ የሚሄድ ጎልማሳ። ጥሩ የሌንስ መጽሐፍ አለህ ወይ አልኩት። የለኝም አላለም። አዟሪ የለኝም አይልም፤ እኔም ቲማቲም ሲያልቅብኝ "ቆይ፣ እየመጣ ነው" ነው የምለው። በማግስቱ አንድ ድንጋይ የሚያክል መጽሐፍ አመጣልኝ። ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ተስሏል። እንደ ልማዴ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ እጅ አይሰጥም። አነሳሁት፤ ይከብዳል። ምን ቀረው? ገዛሁት።

ኢክራም መሃሉን ገለጥ ስታደርገው የተሰነጠቀ ዓይን ውስጥ ትል የሚመስል ነገር ታየ። የዓይን በሽታ መጽሐፍ ነው። ቀስ አድርጋ ዘጋችውና ግንባሬን ሳመችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉ አሁን የቁም ሳጥኑን ስባሪ እግር ደግፎ ቆሟል። ከቤታችን ያሰበው ባይሆንም ሥራ ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

ያን ቀን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ። አንደኛ ቁጥር ዘጠኝ መቶ ገጽ ነው፤ ሁሉም ያመሰግነዋል፣ ከእሱ ውጪ መጽሐፍ የለም የሚል አለ፣ ለጀማሪ አትስጡት የሚልም አለ። ሁለተኛው ያለ ኮምፒውተር ፕሮግራሙ አይነበብም፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የለንም። ሦስተኛው ሁለት መቶ ገጽ እንኳን አይሞላም፤ ግን ልምምዱ ከነመልሱ አለው። አራተኛው ሌሎች ሠርተው የጨረሱትን ሌንስ ይደረድራል እንጂ እንዴት እንደተሠራ አይናገርም። በኢንተርኔት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በአንደኛውና በሦስተኛው ተሰዳድበዋል አለችኝ። በመጽሐፍ የሚሰዳደብ ሰው መኖሩን ያን ቀን አወቅኩ፤ እኛ ሰፈር በውሃ ወረፋ ነው።

"ጥሩ መጽሐፍ ማለት እኔ ካለሁበት የሚጀምር ነው" አለች። "ችግሩ እኔ የት እንዳለሁ አላውቅም።"

የሚያውቅ ሰው የለም ወይ ብላት፣ አንድ ሰው አለ አለች። የብርሃንን ትምህርት ያስተማሯት ዶክተር ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ከዘነበወርቅ ጀርባ ይኖራሉ። ታዲያ ለምን አትጠይቂያቸውም? አንገቷን ደፋች። ልትመረቅ ስትል እኔ ዘንድ መጥተሽ በሥራ አግዢኝ ብለዋት፣ እሺ ብላ ቃል ሰጥታ፣ ያኔ አባቷ ታሞ ሲሞት ሳትሄድ ቀርታለች። አልደወለችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። አራት ዓመት ሆነው። "በምን ፊቴ እማዬ?" አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሰው አስቀይመህ ፊት ካጣህ ሽማግሌ ትልካለህ።

ለኢክራም አልነገርኳትም። ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ላጥ አድርጌ ጡቴ ስር ሸጎጥኩና የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አስታራቂነት ይወዳሉ። ያለ ሐጂ በድሩ አይሆንም አሉኝ፤ ሐጂ ንግግር ያውቃሉ። ሁለት ሆኖ መሄድ ደግሞ ነውር ነው፣ ሦስት መሆን አለበት። ሦስተኛው አባ ጀማል ሆኑ። አባ ጀማል ጆሯቸው አይሰማም፤ ግን ጋቢ ሲለብሱ የሚያምርባቸው ሰው ናቸው፣ ጢማቸውም ደረታቸው ላይ ይደርሳል።

እሁድ ጠዋት ሄድን። ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ነፋሱ እየመጣ ስለነበር ሦስቱም በነጭ ጋቢያቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እኔ ከኋላ ከኋላ። በሩን የዶክተሩ ባለቤት ከፈቱ። ሦስት ነጭ ጋቢ ሲያዩ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ። እኔ ድንጋጤ መስሎኝ ነበር። ከኋላ ቆሜ ሲያዩኝ ጎትተው አስገቡኝና "እርስዎ ለምን በር ላይ ይቆማሉ፣ ይግቡ እንጂ እናቴ" ብለው ከሁሉም የተሻለው ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። የተማረ ሰው ቤት እንግዳ ያከብራል ማለት እውነት ነው ብዬ በልቤ መረቅኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ግን አንቀመጥም አሉ። "የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ መቀመጥ የለም" አሉ ሐጂ በድሩ። ሥርዓት ሥርዓት ነው ብለው መንገድ ላይ ነግረውኛል። ለእርቅም ይቆማል፣ ለሌላ ነገርም ይቆማል። ያ ሌላ ነገር እንኳን ለእኔ፣ ለሐጂም አልታያቸውም።

ቤቱ ተንጫጫ። ከጓዳ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፣ መጋረጃ ይስተካከላል፣ ለስላሳ መጣ፣ ብስኩት በሳህን መጣ፤ ቀጥሎ አንዲት ሠላሳ የሚሆናት ልጅ ጸጉሯን አዲስ አበጥራ፣ ከንፈሯን ቀላ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ለእኔ መጀመሪያ ቀዳችልኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግ ልጅ ናት አልኩ። ዶክተሩ በመጨረሻ ከነሹራባቸው ብቅ አሉ፤ ሚስታቸው እጃቸውን ይዘው ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ሲሏቸው ሹራባቸውን አውልቀው ኮት ለብሰው ተመለሱ።

ሐጂ በድሩ ጀመሩ። ሐጂ ነገርን በቀጥታ አይናገሩም፤ በቀጥታ የተናገረ ሰው ቸኩሏል፣ የቸኮለ ደግሞ ችግረኛ ነው ይላሉ። ስለዚህ ከአደም ተነስተው ወደ ጉርብትና መጡ፣ ከጉርብትና ወደ ዕውቀት፣ ከዕውቀት ወደዚህ ቤት። እዚህ ቤት ውስጥ ያለ መልካም ነገር ሰፈር ተሻግሮ ተሰምቶ ነው የመጣነው አሉ። የኛዋም ቤት ድሃ ቢሆን በአደብ ያደገ ልጅ ያለበት ነው፤ ያለፈው ቅሬታ ቢኖር ይቅር ተባብለን፣ ከዚህ ቤት አንድ ነገር መርጣችሁ እንድትሰጡን ነው አሉ። ባለቤትዬዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ዶክተሩ ትዕግሥታቸው አለቀ። "አባቴ፣ ልጁ ማነው? ሥራውስ?" አሉ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ጊዜው ደረሰ ብዬ ከጡቴ ስር ወረቀቱን አውጥቼ ተነሳሁ። "ወንድ ሳይሆን ሴት ልጅ ናት ዶክተር፣ ተማሪዎ ኢክራም" አልኩ። "ከእነዚህ ከአራቱ መጽሐፍ የትኛውን ታንብብ ነው የምንለው። የሌንስ ነው።"

በዚህ ጊዜ አባ ጀማል፣ አላህ ይቅር ይበላቸው፣ ሁሉም ዝም ሲል አዩና ነገሩ አለቀ፣ ልጅቷ ተሰጠች ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘራችሁ ይብዛ፣ አሚን በሉ" ብለው በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ምርቃቱን ለቀቁት። ማን ያስቁማቸው? አይሰሙ። ጋሽ ወርቁ ከኋላ ጋቢያቸውን ይጎትታሉ፤ እሳቸው የአሚኑ ብዛት መስሏቸው ድምፃቸውን ይጨምራሉ። ልጅቷ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። በሩን ያልወረወረችው እንግዳ ስላለ ነው።

አንድ ቀን ከሰው ጋር ተቀምጣችሁ እየሳቃችሁ የምታወሩት ታሪክ ነው አይደል? እኔም አውርቼዋለሁ። ስንቱን ሰው አስቄበታለሁ። ያቺ ልጅ ለእኔ ለስላሳ ስትቀዳ የተንቀጠቀጠው እጇ ግን ሁሌም ሳቁ መሃል ላይ ይመጣብኛል።

ዶክተሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ኢክራም፣ ኢክራም ብለው ትንሽ አሰቡ፤ "አላስታውሳትም" አሉ። ልታግዛቸው ቃል የገባችው፣ የቀረችው፣ አባቷ የሞተባት ብዬ ዘረዘርኩ። የለም፣ ብዙ ተማሪ ነበረኝ አሉ። አራት ዓመት ልጄ አንገቷን የደፋችላቸው ሰው፣ መኖሯንም አያውቁ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ ፈተናው ስንት ሳምንት ቀረው? ራሷ ነድፋ ታውቃለች? የምትሠራውስ ምንድነው? የማውቀውን መለስኩ። ከኮታቸው ኪስ እርሳስ አውጥተው ሦስት ቁጥርን አከበቡ።

"ይቺን" አሉ። "ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ልምምዱን አንድም ሳትዘል።"

"ቀጭን ናት እኮ ዶክተር" አልኩ።

"ለዚያ ነው የምታልቀው።"

ባለቤታቸው እስከ በር ሸኙን። ሳይሰናበቱን፣ ሰማዩን እያዩ እንዲህ አሉ፤ "እዚህ በር ላይ ሽማግሌ ከቆመ ስንት ዘመኑ። ቆሞም ለመጽሐፍ ቆመ።"

ሚኒባሱ ውስጥ መጀመሪያ የተናገሩት አባ ጀማል ናቸው። "ሰጡን?" አሉኝ። "ሰጡን" አልኩ በምልክት። "ሰርጉ መቼ ነው?" አሉ። ጋሽ ወርቁ ግን ከፊት ወንበር ዞረው የኔን መከራ ያመጣውን ቃል ተናገሩ። "የተማረ ሰው ቂሙን በፈገግታ ነው የሚያወጣው" አሉ። "ወፍራሙን ትቶ ቀጭኑን ሲሰጥሽ አልገባሽም?"

ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። እኔስ ደንበኛ ሲያስቀይመኝ ምንድነው የማደርገው? ደቃቃ ደቃቃውን መርጬ ከነፈገግታዬ እመዝንለታለሁ። ሰውየው ልጃቸውን አዋርደንባቸው፣ ሚስታቸውን አስለቅሰንባቸው፣ እንዴት ደህናውን ይሰጡናል? ዘጠኝ መቶ ገጽ እያለ ሁለት መቶ የማይሞላ? ሰባት ሳምንት ቀጭን ነገር ስታነብ ከርማ ወድቃ፣ ሻንጣዋን ስትሸክፍ ታየኝ። ዘህራ ስትሸክፍ ያየሁት ሻንጣ ታየኝ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ሱቅ ገብቼ ላጲስ ገዛሁ። እርሳስም ገዛሁ። እዚያው ሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ የዶክተሩን ክብ አጠፋሁና አንድ ቁጥርን አከበብኩ። ክቡ የድንች ቅርጽ ያዘ። አራተኛ ክፍል የቆመ እጅ፣ ዶክተር ያረመ እጅ።

ኢክራም ሽማግሌ መላኬን ስነግራት በሂጃቧ ፊቷን ሸፍና እስከ ማታ አላናገረችኝም። በማግስቱ ግን ቀረብ ብላ "ስሜን ሲሰሙ ምን አሉ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "በደንብ አስታወሱሽ፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች አሉ" አልኳት። ውሸት እንደ ጎመን ነው፤ አንዱን ቅጠል ስትቆርጡት ሁለት ያወጣል። ልጄ ፊቷ በራ። ወረቀቱን ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። "ይሄን ትችላለች ብለው ነው የመረጡልኝ ማለት ነው" አለች።

አሳተምነው። በሁለት ጥራዝ ተጠርዞ ሁለት ብሎኬት መስሎ መጣ። ደስ አለኝ። ቤት ውስጥ ክብደት ያለው ነገር ገባ።

የመጀመሪያው ሳምንት በደስታ አለፈ። ሁለተኛው ሳምንት ከሥራ መጥታ አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ቆየች። ሦስተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ጀመረች። መጽሐፉ ይሄን ታውቃለህ፣ ያንን ሠርተሃል እያለ ነው የሚሄደው፤ እሷ ደግሞ አላወቀችም፣ አልሠራችም። ክብና መስመር የሳለችባቸውን ወረቀቶች እያጨማደደች ትጥላለች፤ እኔ እየሰበሰብኩ ቃሪያ እጠቀልልባቸዋለሁ። ከበደሽ ወይ ስላት "እሳቸው የመረጡት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ትላለች። አራተኛው ሳምንት ላይ እህል ቀነሰች። ከተመረቅኩ ወዲህ ረስቼው አይደለም፣ ቀድሞውንም አላውቅም ነበር፣ ዲግሪውን የሰጡኝ ተሳስተው ነው ማለት ጀመረች።

እኔ ምን አደረግኩ? ፈራሁ። መናገር ፈራሁ፣ አለመናገር ፈራሁ። ጉልቴ ላይ ተቀምጬ ለሰው ሂሳብ መመለስ እየተሳሳትኩ፣ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ነገ። ምናልባት ነገ ይገባታል እያልኩ። እናት የምታደርገው ነገር ሁሉ ከፍቅር ነው የሚሉ አሉ። የኔ ግማሹ ከፍቅር ነው፤ ግማሹ ሴት ልጄ ፊት እንዳላፍር ነው።

አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ አርብ ከሰዓት ወደ ቤት ስገባ ፓስፖርቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አገኘኋት። መጽሐፉ ተዘግቷል። ሰፈራችን ሴቶችን ወደ ዓረብ አገር የምታገናኝ ሴት አለች፤ ነገ ፎቶ ይዘሽ ነይ ብላታለች። ፈተናውንስ? አልሄድም አለች። ለምን ትዋረዳለች? አቅሟን አውቃለች።

ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። ደግሞ ቁጭ አልኩ።

"ሦስት ቁጥርን ነው ያሉት" አልኳት።

አልገባትም።

"ዶክተሩ ያከበቡት ሦስት ቁጥርን ነው። እኔ ነኝ በላጲስ አጥፍቼ አንዱን ያከበብኩት። ተቀይመው ቀጭኑን ሰጡን ብዬ ነው።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ በብርሃን ስታየው የድሮው ክብ ጠባሳ እንደሚታይ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

"አምስት ሳምንት ሙሉ ደደብ ነበርኩ እኮ እማዬ።"

ሰው በጥፊ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅር በይኝ ሳልላት እሷ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። እኔም ወደ ሴትዮዋ ሄደች ብዬ መንገድ ላይ ተከትያት ወጣሁ፤ ወደ ዘነበወርቅ በሚሄደው ታክሲ ስትሳፈር ሳይ ነው ነፍሴ የተመለሰችው።

በሩን የከፈተችላት ያቺው የዶክተሩ ልጅ ናት። "ዛሬስ ሽማግሌዎቹ የታሉ?" ብላታለች። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ሳቁ አሉ። እስከ ጓዳ አስገብታ፣ ያንኑ ሦስት ቁጥር መጽሐፍ፣ የአባቷን የራሳቸውን ቅጂ፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ የተጻፈበትን፣ ራሷ ከመደርደሪያ አውርዳ ሰጠቻት። ዶክተሩም ወፍራሙ መጽሐፍ ጥሩ ነው፣ ግን መንገዱን አንድ ጊዜ ለሄደበት ሰው ነው አሏት። ኢክራም ተመልሳ ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ አንድ ነገር ጨመረች። "አያውቁኝም እኮ። ጎበዝ ነበረች ያሉት ውሸት ነው አይደል?" አዎ አልኳት። ሦስተኛ ቅጠል አላወጣሁም።

ሁለት ሳምንት ነበር የቀራት። መነጽር ቤቱን ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። ልምምዱን ትሠራለች፣ ከኋላ ገልጣ መልሱን ታያለች፣ ትክክል ሲሆን በጣቷ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ትመታለች። እኔ ጓዳ ሆኜ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት፣ በሳምንቱ አሥራ አንድ። የፊቷ ወዝ ተመለሰ። አንድ ቀን ሦስት መስታወት ደርድራ፣ ከመሃል እስከ ዳር ያጠራ ነገር አግኝታ ጠርታ አሳየችኝ። እኔ ያየሁት መስመር ብቻ ነው። ግን መስመሮቹ ሁሉ አንድ ቦታ ሲገናኙ አየሁ።

የፈተናው ዕለት ግን መጽሐፉ አላለቀም ነበር። ሠላሳ ገጽ ቀርቷታል። የመጨረሻው ጥያቄ ከነዚያ ከሠላሳው ገጾች ውስጥ መጣ። ይሄን የነገረችኝ ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም፤ ጠይቄያት ነው።

ውጤቱ ተለጠፈ። ሁለት ሰው አለፈ። ኢክራም ሦስተኛ ናት፤ ከስሟ ጎን "ተጠባባቂ" ተብሎ ተጽፏል። ካለፉት ከሁለቱ አንዱ ሥልጠናው እስኪጀመር፣ ማለትም በሃያ ቀን ውስጥ ካልቀረበ እሷ ትገባለች። ካልሆነ አትገባም፤ ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ዕድሜዋ ያልፋል። እኔን ማንም የወቀሰኝ የለም። ኢክራምም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሠላሳ ገጽ በስንት ቀን እንደሚነበብ ለማስላት ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ሐጂ በድሩ ሰምተው መጡ። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሦስት ሆነን እንሂድ ወይ አሉኝ፣ ጋቢያቸውን ሊያሳጥቡ አስበው። በአላህ ይሁንብዎ ሐጂ፣ ይተዉት አልኳቸው። እንግዲያው ዱዓ አድርጊ አሉኝ፤ የእናት ዱዓ ሰማይ ላይ አይቆምም።

ፓስፖርቱ ሂጃቡ መሃል አለ። አገናኟ ሴትዮ በየሦስት ቀኑ በራችን ላይ ታልፋለች፤ ኢክራም "ሃያው ቀን ይሙላ" ትላታለች። ዛሬ አሥራ አራተኛው ነው።

በየሶላቱ መጨረሻ እጄን እዘረጋለሁ። ጌታዬ ሆይ ብዬ እጀምርና እቆማለሁ። ምን ልበል? ከሁለቱ አንዱ ይቅር ልበል? የሚቀረውስ በምን ይቅር፤ ታሞ፣ ሞቶበት፣ ዕድሉ ጠፍቶት? እሱም እናት አለችው። እሷም ያን የውጤት ማስታወቂያ አይታ እፎይ ብላ ተኝታለች። ለልጄ የምለምነው ሁሉ ከእሷ ጓዳ የሚወጣ ነው። አለመለመንም አልችልም፤ ስድስት ቀን ነው የቀረኝ።

ስለዚህ እጄን ዘርግቼ ዝም እላለሁ። አላህ ዝም ያለ እጅም ያነባል ይላሉ ሐጂ። ካነበበው፣ ይቅር ይበለኝ።